በሁሩድ የነከርነው አደይ

አዲስ ጫማ በገዛሁ ቁጥር ከጫማው በፊት የማወጣው ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ስስ ነጭ ወረቀት ነው። ጨበጥ ሳደርገው የሚያሰማው ድምፅ ጅጅጋ ይመልሰኛል። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

በደርግ ዘመን አባቴ እዚያ አስተማሪ ነበር። በሰፈራችን ከደጋ የመጣን ሴት ልጆች እኔና የአንድ ወታደር ልጅ የሆነችው ሙሉ ብቻ ነበርን። እንቁጣጣሽ ሲመጣ የሚቀጠፍ አደይ ስለማናገኝ ራሳችን እንሠራው ነበር። ወረቀቱን የምትሰጠን ገበያ ላይ ጫማ የምትሸጠው ጎረቤታችን ኤዶ ሳህራ ነበረች፤ «ኤዶ» በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ቢጫውም የእሷ ነው። ፊቷን የምትቀባውን ሁሩድ፣ እኛ ቤት እርድ የምንለውን፣ በውሃ በጥብጣ ትሰጠናለች። ስስ ወረቀት እርጥቡን ከነኩት ስለሚቀደድ ጨርቅ ላይ ዘርግተን ቀለሙን በጥጥ ጠብ ጠብ እናደርግበትና ከነጨርቁ እናሰጣዋለን። ሲደርቅ ቆርጠን በመጥረጊያ ስንጥር ላይ በክር እናስረዋለን። ጣቶቻችን ቢጫ እንደሆኑ፣ እርድ እርድ እንደሸተቱ መስቀል ይደርስ ነበር።

በበዓሉ ጠዋት እኔ አወጣለሁ፣ ሙሉ ትቀበላለች። ለአበባ ዘፈን ሁለት ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ለእኛ ይበቃን ነበር።

አንድ ክረምት የሙሉ አባት ተዛወረና ቤተሰቡ በወታደር መኪና ተጭኖ ሄደ። የዚያን ዓመት ወረቀቱን ብቻዬን ነከርኩ። ስጨርስ ሳየው ሳላስበው ለሁለት የሚበቃ ሠርቻለሁ።

በበዓሉ ጠዋት በኤዶ ሳህራ በር ላይ ቆሜ አወጣሁ። የሙሉ ድምፅ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ዝም አልኩና ጠበቅኩ። ማን ይቀበለኝ? እንደገና ብሞክር ድምፄ ራሱ አሳፈረኝ። ልመለስ ስል ኤዶ ሳህራ ፊቷ በሁሩድ እንደተቀባ ብቅ አለች።

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ የት ትሄጃለሽ? ዝፈኚ እንጂ! እኔ እቀበላለሁ።»

ለካ ዓመት በዓመት በአጥር በኩል ስትሰማን ኖራለች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ የሚገባበትን ቦታ ግን አታውቅም። እኔ ሳልጨርስ ትቀበላለች፤ ስጨርስ ዝም ትላለች። እኔ ደግሞ የምፈልገው ሙሉን ነበርና አለቀስኩ። እሷ እያለቀስኩም መቀበሏን አላቆመችም። በመጨረሻ አበባውን ሁሉ፣ የሙሉንም ድርሻ ጭምር፣ ሰጠኋትና ሄድኩ። በዓመቱ እኛም ተዛወርን።

አሁን የምኖርበት አዲስ አበባ በመስከረም አደይ ሞልቷል። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጃገረዶች እየተጋፉ ወደ ደጄ ይመጣሉ። አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ ግቢውን እስኪነቀንቁት ይቀበሏታል፤ የእኔ ድምፅ አያስፈልጋቸውም። እኔ ግን በሩን ከመክፈቴ በፊት ከውስጥ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ አውጪዋ ሳትጨርስ እቀበላለሁ።