እርጎ ነው ብል ኖሮ

ከሮቤ ወደ ጎባ ስሄድ ኬላው ላይ ሚኒባሱን አስቁመው ከቦርሳዬ ጠርሙስ አወጡ።

«ምንድን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«ባክቴሪያ» አልኩት።

አፌ መዘዘኛ ነው። ስብሰባ ላይ «ማዳበሪያው የት ገባ?» ብዬ ከጠየቅኩ ወዲህ ስሜ ቀድሞኝ ነበር የሚደርሰው። የባለሥልጣናትን ውሃ መመረዣ ይዟል ተብዬ እስር ቤት ገባሁ።

ክፍሉ እግር በእግር ላይ የሚታደርበት ነበር። ወንጀሌን ስናገር ግን ሁሉም እግሩን ሰበሰበና እንደ ሙሽራ ሰፊ ቦታ ለቀቁልኝ። የተጠጉኝ ከገሰራ ወረዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብቻ ናቸው።

«ልጄ፣ ይይዘናል እንዴ?»

«አይዝም አባባ። አፈር ውስጥ የሚኖር ደግ ዓይነት ነው። የእንጆሪ ሥር ሲነከርበት ምግቡን ከአፈር እንዲያገኝ ያግዘዋል፤ ፍሬውም ይጣፍጣል። እርጎ እንደሚያረጋው ዓይነት ነገር ይበሉት።»

«ታዲያ እርጎ ነው ብለህ ለምን አላለፍክም?»



ቤቴ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ የእንጆሪ ችግኞች ይጠብቁኝ ነበር። በማግስቱ መርማሪው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «መርዝ ካልሆነ ጠጣውና ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ። ብጠጣው ሆዴ ይጮህ ነበር እንጂ አልሞትም። ግን ሰው ንጹሕነቱን በአንጀቱ ማስመስከር የለበትም።

«አለቃ፣ እኔ እንጆሪ አይደለሁም» አልኩት።

ከመስኮቱ ውጭ፣ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ አንዲት የጠወለገች እንጆሪ ነበረች። ከጠርሙሱ እሷን ያጠጡልኝ አልኩ፤ አጠጣት። «ካልሞተች ትወጣለህ። ከሞተች ግን ጉድህ ፈላ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጠዋት ከሽንት ቤት የተመለሰውን ሁሉ «ናጋን ቡልቴ?» ይሉታል፤ በሰላም አደረች ወይ ለማለት። እያደር ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ለካ እያንዳንዱ ሲያልፍ ተደብቆ ከመጠጫ ውሃው ያፈስላት ኖሯል!

አባባ አንገታቸውን ደፉ። «የእኔስ ለሶላት የምታጠብበት የውዱእ ውሃ ትራፊ ነው፤ ንጹሕ ነው።»

«አባባ፣ አሰመጣችኋት እኮ።»

«እኛማ ልናስፈታህ ነበር።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ክፍሉ ተሰብስቦ ውሃ ከለከለ፤ አባባ ዘበኛ ሆነው ተሾሙ። እንጆሪዋ አገገመች፤ ቆይታም አበበችና አንዲት ፍሬ አቀላች።

መርማሪው ጠርቶኝ ፍሬዋን ቆርጦ ሰጠኝ። «በል ሂድ» አለ። ወደ ውጭ አልሄድኩም። መጀመሪያ ወደ ክፍሉ ተመልሼ በበሩ ቀዳዳ ለአባባ አቀበልኳቸው። እሳቸው ቀርተው እኔ መውጣቴ አሳፈረኝ። «ቢስሚላህ» ብለው ጎረሷት፤ ቀስ እያሉ አላመጧት።

«ስኳር ጨምረህባታል» አሉ።

ቤቴ ስደርስ ችግኞቹ ደርቀው ነበር። እንደገና ተከልኩ። አባባም ከእኔ በኋላ ብዙ ቆይተው ወጡ፤ ዛሬ ገበያ ስንገናኝ ከእኔ ጤና በፊት የእንጆሪዎቼን ይጠይቃሉ።

ኬላው ላይ አሁንም ያስቆሙናል። ጠርሙሱ ካለ ለማደሪያ የሚሆን ጋቢም ይዤ ነው የምወጣው፤ ሰው ከደረሰበት ይማራል። ባለቤቴ ጎኔን እየጎሸመች «እርጎ ነው በል» ትለኛለች።

«ምንድን ነው?» ይላል ፖሊሱ።

«ባክቴሪያ» እላለሁ።