ሐኪሙ ያላለው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴም አያውቁትም፤ እግዚአብሔር ይፍታኝ፣ ጾም በመጣ ቁጥር የፈጠራ ኃጢአት እየተናዘዝኩላቸው ይህችን አንዷን ስሸሽግ ኖሬአለሁ። በጾም ዶሮ በላሁ እላቸዋለሁ፤ አልበላሁም። የጎረቤቴን ድንበር ገፋሁ እላቸዋለሁ፤ እኔ ደግሞ የምገፋበት መሬት የት አለኝና። እሳቸው ያዝኑልኛል፣ ስግደት ያዙኛል፣ እኔም ላልሠራሁት ኃጢአት ወገቤ እስኪቆረጥ እሰግዳለሁ። ለሠራሁት ግን አንድም ቀን ጉልበቴን አላጠፍኩም።

ሾፌር ነኝ። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ሚኒባስ እነዳለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በምላሴ ያውቀኛል። ሐሙሲት ላይ ጅብ ተሳፍሮ ሒሳቡን ከፈለኝ፣ መልሱንም ያዘው አለኝ ብዬ ታቦት ጠርቼ የማልኩ ሰው ነኝ። ተሳፋሪው ይስቃል፣ መንገዱም ያጥራል። በሳቅ ያሳጠርኩት መንገድ ቢቀጣጠል ኢየሩሳሌም አድርሶ ይመልሳል። ሰው ከሳቀልኝ እውነቱ የት ወድቆ እንደቀረ ዞሬ አይቼ አላውቅም። ለምን ልይ? ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ባዬ አብሮ አደጌ ነው። ከጋፋት ወዲያ ማዶ ድንችና ገብስ ያርሳል። ሚስት ካገባ በኋላ ጆሮ ደግፍ ያዘው። የልጅ በሽታ ጎልማሳ ላይ ሲወጣ ክፉ ነው፤ ከጉንጩ ወርዶ ወንድነቱ ላይ ዐረፈ። ያኔ ተረፈ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ግን ሰውየው ደበዘዘ። በሬዎቹን ጠምዶ፣ ዕርፉን እንደጨበጠ፣ መሐል ማሳ ላይ ቆሞ ይቀራል። ድንቹ መሬት ውስጥ ሲበሰብስ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ሚስቱ የሺ ብትለምነኝ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የድባቴ ክኒን ሰጠው። ደሙን አስመርምሮም የወንድ ሆርሞንህ ከሚገባው በታች ወርዷል ብሎ መርፌ ጨመረለት፤ መርፌውን ጤና ጣቢያ እየሄደ ይወጋል።

ቀስ በቀስ ባዬ ተመለሰ። አንድ ማለዳ ማሳው ላይ ሲያቅራራ ሰምቼ መኪናዬን አቁሜ አዳመጥኩት። ነገሩን የምናውቀው እሱ፣ የሺና እኔ ብቻ ነበርን። መድኃኒቱ ሲያልቅ ከባሕር ዳር የማመጣለትም እኔ ነበርኩ።

ድንች በሚቆፈርበት ሰሞን አንድ ቀን የመኪናዬ መስኮት ላይ ተደገፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማ ዘውዱ፣ ዛሬ እስኪ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ቀልድ የለም ደግሞ።»

«እኔ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?»

«ክኒኑና መርፌው አብረው ይሄዳሉ ወይ በልልኝ። ልቤስ ድኗል፤ ግን ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ከየሺ ጋር ስተኛ ሰውነቴ ቀዝቃዛ ነው። የሚቀንሰውም እንደሆነ ይቀንስልኝ፣ የሚቀይረውም እንደሆነ ይቀይርልኝ። እኔ እንዳልሄድ ድንቹ ያዘኝ።»

«እጠይቅልሃለሁ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

በማርያም ብያለሁ፤ ይመዝገብብኝ።

አልጠየቅሁም። እንዴት እንደሆነ ልናገር፤ ምክንያት ይሁነኝ ብዬ አይደለም፣ ምክንያት አይሆንም። የሐኪሙ በር ላይ ተሰልፌ ነበር። ከኋላዬ ከአንበሳሜ የመጡ የአማቶቼ ዘመዶች ቆመው ሰላም አሉኝ። በሩ ክፍት ነው፣ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ውጭ ይሰማል። እኔ ገብቼ የድባቴ ክኒንና የወንድነት መርፌ ብል ለማን ነው ሊሉ ነው? ለጓደኛዬ ነው ብል ማን ሊያምነኝ? ጓደኛዬ የሚለው ቃል እኮ ራሱ ያሳብቃል። በስንቱ ሰው ወንድነት ሳፌዝ የኖርኩ እኔ፣ የእኔው ለአፍታ ቢጠረጠር ሰማይ የሚደፋብኝ መሰለኝ። ከሰልፉ ወጣሁ። የተለመደውን መድኃኒት ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ተቀብዬ፣ በጃኬቴ ሸፍኜ መኪናዬን አስነሣሁ። ሐሙሲትን ሳልፍ ለባዬ የምነግረውን ቀልድ ሠርቼ ጨርሼ ነበር።

ማሳው ላይ አገኘሁት፣ እጁ አፈር እንደሆነ።

«እህስ፣ ምን አለ?»

«ሐኪሙማ ሳቀብህ» አልኩት። «መርፌው እሳት ያነድዳል፣ ክኒኑ ውኃ ይቸልስበታል። ይህ ሰው አንዱን በሬ ሽቅብ፣ አንዱን በሬ ቁልቁል አዙሮ ጠምዶ ነው እንዴ የሚያርሰው አለ።»

ባዬ ሳቀ። የድንቹ ክምር አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀልድ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ረጋ ብሎ አየኝ።

«እና ክኒኑን ልተወው?»

እኔ እዚያች ጥያቄ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ሐኪሙን አላገኘሁትም፣ ነገ እጠይቅልሃለሁ ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጅ ነበር? አላልኩም። ለምን አልጠየቅህም ቢለኝስ? አንተን መስዬ መታየት አፍሬ ነው ልለው ነው? «እኔ የተባልኩትን ነው ያመጣሁልህ» አልኩት። ማንም ያላለኝን። እኔ ነኝ ያልኩት። ባልገባሁበት ክፍል፣ ባላየሁት ሐኪም ስም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ክኒኑን ተወው። ለጥቂት ቀን ደህና መሰለ። ከዚያ ራሱን ያዞረው ጀመር፤ እንቅልፍ አጣ፤ በሆነ ባልሆነው ይቆጣ ጀመር። በኋላም ቁጣው ጠፍቶ ያ የጥንቱ ጨለማ ብሶበት ተመለሰ። አንድ ማለዳ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ጎረቤት ደርሶ ያዘው።

ሰምቼ ስደርስ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። የሺ በጠርሙስ የቀሩትን መርፌዎች በእጇ ይዛለች።

«ይሄ ነው ደሙን አፍልቶ ያሳበደው» አለች። «ክኒኑንማ ከተወ ቆየ። አያ ዘውዱ፣ ሐኪሙን ያነጋገርከው አንተ ነህ። ስለ መርፌው ምን ብሎህ ነበር?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሁንም በር ተከፍቶልኝ ነበር።

«እንጃ፣ ስለ መርፌው ብዙም አላለ» አልኩ።

ወጥታ ድንጋይ ላይ ሰባበረቻቸው። የጠርሙሱ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባዬን ከአንዱ መድኃኒት በቀልድ ለየሁት፣ ከሌላው በዝምታ።

በማግስቱ ባሕር ዳር የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የሺ ከብቱን የሚይዝላት አጥታ ቀረች። ሐኪሙ ቆጣ ብሎ፣ «ክኒኑን አቁም ያለህ ማነው?» አለው። ሐኪሙ ያን ቃል እንዳላለ ባዬ ያኔ ገባው። ወደ እኔ ዞረ። ሁሉን ነገር የማጋንነው ሰውዬ ያን ዓይን የምናገርበት ቃል የለኝም።

«ማንም አላለኝም» አለ ባዬ። «ሰውነቴን ቢያቀዘቅዘኝ ራሴ ነኝ የተውኩት።»

«ሁለቱ እኮ አብረው ይወሰዳሉ። ክኒኑ አንዳንዱን ሰው እንዳልከው ያቀዘቅዘዋል፤ ብትነግረኝ አስተካክልልህ ነበር። በራስህ ግን ድንገት አታቆምም።»

ይኸው ነበር መልሱ። በዚያ በር ገብቼ ብጠይቅ ይሄው ነበር። ስንመለስ እኔ፣ ከጅብ ጋር ያወጋሁት ሰው፣ ደብረ ታቦር እስክንደርስ ሬዲዮ ከፍቼ ነዳሁ።

ዛሬ ክኒኑን ይወስዳል። መርፌውን ግን የሺ በደጇ አታሳልፍም፤ ባሌን ሊገድልብኝ ነበር ትላለች። ሐኪሙ ያለውን ሊያስረዳት ቢነሣ የእኔ ነገር ይወጣል፤ ባዬም ለእኔ ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ሆኖ ግማሹን ታክሞ ይኖራል። አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ዕርፍ የሚጨብጥበት አቅም የለውም፣ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ሌላ ሰው ሲያርስለት ያያል። በደጁ ሳልፍ ክላክስ አደርጋለሁ። እጁን ያነሣልኛል። ለምን ያነሣልኛል?

በቅርቡ ቆርጬ ገባሁ። «የሺ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። ፊቷ በራ።

«እሰይ አያ ዘውዱ፣ እንዲያው የሚያስቅ ነገር ንገርልኝ። ይሄ ሰው ከሳቀ ቆየ።»

ባዬ ከመደቡ ቀና ብሎ አየኝና ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ተው ማለቱ እንደሆነ፣ ወይስ አውቄሃለሁ ማለቱ፣ አልጠየቅሁትም። የጅቡን ነገርኳቸው። ወረታ ድረስ አደረስኩት፣ ቀበቶ አሰርኩለት፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር አጣላሁት። ባዬ በከንፈሩ ሳቀ። የሺ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ስወጣም እስከ በር ሸኝታ «አፍህን ይባርክልኝ» አለችኝ።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ የሚጠይቅ በደሉን የጨረሰ ሰው ነው፤ እኔ ገና እየበደልኩ ነው። ዛሬም በደጁ አልፌአለሁ፣ ክላክስም አድርጌአለሁ። ይህን ስታነቡ አንድ ቦታ ላይ ስቃችሁ እንደሆነ ግን አልፈርድባችሁም። ባዬም መጀመሪያ ስቆ ነበር።