ባሌ የቀናባት ልጅ

የባሌን ሥራ ለሰው ማስረዳት እስካሁን አልሆነልኝም። ጊዮርጊስ አጠገብ ነጠላና ጥለት የምሸጥበት ሱቅ የሚመጡ ደንበኞች «ባለቤትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ዩኤክስ ዲዛይነር ነው» እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሳምንቱ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው መጥተው «እስቲ ለባልሽ አሳዪልኝ» ይሉኛል። ራጉኤል ስልክ አይጠግንም። የሱ ሥራ ሰው ስልኩ ላይ አንድ ነገር ሲከፍት ግራ እንዳይገባው ማድረግ ነው። የቱ ቁልፍ ከላይ ይሁን፣ የቱ ከታች፣ ምን ተብሎ ይጻፍበት፣ ይሄንን ሲያስብ ይውላል። በተጋባንበት ሰሞን ይሄም ሥራ ተብሎ ደሞዝ ይከፈልበታል ብዬ ስቄ ነበር።

ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አሁን አፍንጮ በር ተከራይተን ነው የምንኖረው። ልጅ ሆኖ ፒያሳ ከአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ጋር ቀለም ሲበጠብጥ አደገ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ለሱቆች ካርድ መሥራት ጀመረ፣ ከዚያ ማንም ሳያስተምረው ይሄን ሥራ ከስልኩ ላይ እያየ ለመደው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው መሥሪያ ቤት ሲቀጥረው ዲዛይነር የሚባል ሰው እሱ ብቻ ነበር። ደስ ብሎት ይሠራ ነበር። ሉዋም የምትባል ሁለተኛ ዲዛይነር ተቀጥራ እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ሉዋም ከመጣች ወዲህ እራት ላይ ሌላ ወሬ የለም። ሉዋም እንዲህ አለች፣ ሉዋም እንዲህ አደረገች። ባሏ ማታ ማታ የሌላ ሴት ስም የሚጠራባት ሴት ምን እንደምታስብ ሴቶች ያውቁታል። አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ሄዶ ነበርና ምሳውን አሳብቤ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ልጅቷ ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ያምራል። ራጉኤል ሲያያት አየሁት። ወረፋ ጥሶ ከፊቱ የገባበትን ሰው እንደሚያይ ነው የሚያያት። እፎይ ብዬ ተመለስኩ።

ግን የሱ ቅናት ከኔ የባሰ ሆነ። አለቃቸው አቶ ዘርዓብሩክ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ «ሉዋም፣ አንቺስ?» ካለ ያን ቀን እራት አይበላም። ውሃ ሊቀዳ ሲነሳ በጀርባዋ አልፎ ስክሪኗን እንደሚያይ ራሱ ነገረኝ። የሠራችው ጥሩ ከሆነ «ከውጭ ነው የቀዳችው» ይላል። መጥፎ ከሆነ ደስ ብሎት ዜማ ያንጎራጉራል። አብሮት የሚሠራው ቃለአብ ቤታችን መጥቶ ይሄን ሁሉ ሰምቶ፣

«ራጉ፣ ልጅቷ እኮ ሙድ እየያዘችብህ አይደለም» አለው። «አንተው ነህ በራስህ ላይ የምትይዘው።»

«አንተ አይገባህም።»

«ምኑ ነው የማይገባኝ? ፋራ ሆነሃል። የአራዳ ልጅ ሲቀና እንኳ እንዳይታወቅበት አድርጎ ነው።»

ራጉኤል አልሳቀም።

አንድ የግል ሐኪም ቤት፣ ሰው በሌሊት መጥቶ ደጃፍ ላይ ከሚሰለፍ በስልኩ ተራ የሚይዝበት ነገር ሥሩልኝ ብሎ መጣ። አቶ ዘርዓብሩክ ሁለቱንም ጠርቶ «ሁለታችሁም በየፊናችሁ ሥሩ። ሰዎች ጠርተን እናስሞክራለን። ለሰዎቹ ይበልጥ የገባቸውን የሠራው የዲዛይን ኃላፊ ይሆናል» አላቸው። ራጉኤል የዚያን ቀን ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የተቀመጠው። ያቺን ቦታ ካጣት በሉዋም ሥር መሆኑ ነው። ይሄን አልቋቋመውም አለኝ፤ እውነቱን እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

ይሄን ሥራ እንደሚሠራ ሰው ሁሉ እሱም ከሙከራው ቀን በፊት የሠራውን ለሰው ማስሞከር ነበረበት። የት ይሂድ? ሰፈራችንን መረጠ። ቤት ለቤት ዞረ። ጎረቤታችን እትዬ ወርቅአፈራሁ ጋ አብሬው ገባሁ። ባላቸው አቶ ገብረክርስቶስ ዓይናቸው ደክሟል፣ በየሐኪም ቤቱ ወረፋ የሚይዙላቸው እትዬ ናቸው። ራጉኤል አጠገባቸው ተቀምጦ ስልኩን ይዞ ራሱ እየነካካ፣

«ይኸውልዎት እትዬ፣ እዚህ ጋ ሲነኩ ይከፈታል። አዩ? ስም ይጻፋል። ከዚያ ሐኪሙን ይመርጣሉ። አለቀ» አላቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ።»

«ግልጽ ነው?»

«እንዴት ግልጽ አይሆን? እንደ ውሃ ነው። ይባርክህ። ምን ላምጣልህ፣ ቆሎ?»

በየቤቱ እንዲሁ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ መርቆት ቆሎ ዘግኖለት ሸኘው። ሉዋም ደግሞ ሐኪም ቤቶች ደጃፍ ለማታውቀው ሰው ስልኩን እየሰጠች ስታስሞክር ሰነበተች አሉ። አንዱ ሽማግሌ «በበሽታዬ ላይ ሌላ በሽታ አታምጪብኝ» ብለው እንደመለሱላት ቃለአብ አወራን። ቢሮ ተመልሳ የሠራችውን እንዳለ አፍርሳ እንደገና ጀመረች። ራጉኤል ይሄን ሲሰማ በቁሙ ጨፈረ ማለት ይቻላል።

«አየሽ ኤዶም፣ እሷን ሰው እያባረራት ነው። የኔን አንድ ሰው ክፉ አልተናገረውም።»

የሙከራው ቀን ራጉኤል እትዬ ወርቅአፈራሁም ይሞክሩ ብሎ አስጠራቸው። እሱን የሚወድ ሰው እንዲገኝለት ብሎ ነው። እኔ ታክሲ አሳፍሬ ወሰድኳቸው። የሠሩት ሰዎች እንዳይታዩ ራጉኤልና ሉዋም ከቀጭን የእንጨት ግድግዳ ጀርባ ተቀመጡ። አቶ ዘርዓብሩክ እኔን እንዳልረዳቸው አስጠንቅቆኝ ለእትዬ ስልክ ሰጣቸው።

«ሐኪም ቤት ተራ ይያዙ እትዬ። የመጣልዎትን ሁሉ ይናገሩ። የሠራው ሰው እዚህ የለም፣ ማንም አይቀየምም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

የመጀመሪያው የራጉኤል ነበር። አወቅሁት። እሳቸው አላወቁትም። «ስምዎን ያስገቡ» ይላል። ፊደል እየለቀሙ ስማቸውን ጻፉ። የዓይን ሐኪሙን ነኩ። ስልኩ «ለወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ተራ ተይዟል» አለ።

«የኔ ዓይን ምን ሆኖ?» አሉ። «ገብረክርስቶስ ነው እንጂ የሚታየው።»

ሊመለሱ ሞከሩ። «በዚህ ስልክ ተራ ተይዟል» አላቸው። እንደገና ሞከሩ። ያው ነው። አቶ ገብረክርስቶስ የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም አያዩትም። ላሳያቸው እጄን በላኝ፣ ግን ተከልክያለሁ።

«ምነው ይሄ ሰውዬ» አሉ እትዬ ስልኩን እያራቁ። «እናት አባት የለውም? ለሰው ወረፋ ይዞ አያውቅም? በሽተኛ ራሱ ተሰልፎ የት አገር ነው ያየው?»

ከግድግዳው ጀርባ ወንበር ሲጢጥ አለ።

አቶ ዘርዓብሩክ ሁለተኛውን ሰጣቸው። ገና ሲከፈት «ተራው ለማን ነው? ለራስዎ ወይስ ለሌላ ሰው?» ይላል። እትዬ «ለሌላ ሰው» አሉ ጮክ ብለው፣ ሰው እንደጠየቃቸው ሁሉ። የባላቸውን ስም ጻፉ፣ ተራ ያዙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄኛው ሰው ያሳደገው ነው» አሉ።

ከሳቸው በፊት የሞከሩትም ሰዎች እንዲሁ ብለው ነበር። ስንወጣ ራጉኤልና ሉዋም ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። እትዬ ሮጠው ሄደው ራጉኤልን ትከሻውን ሳሙት።

«ኋላ የመጣው ያንተ ነው አይደል? ወዲያው ነው ያወቅሁት።»

ራጉኤል አፉን ሊከፍት ሲል ሉዋም ቀደመችው።

«አዎ እማማ» አለች ቀስ ብላ። «የራጉኤል ነው።»

ባሌን እዚያ ጋ ብታዩት። በጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር። አንዴ እሷን አንዴ እትዬን አየ።

«አይደለም እትዬ» አለ። «የሷ ነው። የኔ ያኛው ነው።»

እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ውይ። ቤት ስታሳየኝ እኮ እንዲያ አልነበረም።»

«ቤትማ የነካሁት እኔ ነኝ እትዬ።»

እትዬን ታክሲ ውስጥ አስቀምጠን እኔና እሱ በእግራችን ዳገቱን ወደ ፒያሳ ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ «ሉዋም ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት» አለ። «በሥራዋ መቅናቴ አንሶኝ ነው? አሁን ደግሞ በደግነቷ ልቅና?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ቀንቼባታለሁ። የባሌን ፊት ለማዳን የተናገረችው እሷ ናት፤ እኔ ሚስቱ ግን ዝም ብዬ ቆሜ ነበር።

ሉዋም ኃላፊ ሆነች። ራጉኤል ይለቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልለቀቀም። አሁን ስልኩን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ እጁን ኪሱ ከትቶ እንደሚቆም ቃለአብ ነግሮኛል። ቅናቱ ግን አልለቀቀውም። ባለፈው ሳምንት ፊቱ በርቶ ገባ። እጁን ሳይታጠብ ገበታ ቀረበ።

«ሉዋም ዛሬ ተሳሳተች» አለኝ።

«ምን አደረገች?»

«ሁለት ቁልፍ አጠጋግታ አስቀመጠች። አውራ ጣቱ ወፍራም የሆነ ሰው አንዱን ልንካ ሲል ሌላውን ይነካል።» በደንብ አድርጎ ጎረሰ።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት እንጂ።»

«ምን አለች?»

ማኘኩን አቆመ።

«አመሰገነችኝ» አለና ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።