ግራ የገባኝ የኦይስተር ጉዳይ

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጣለኝ። አባዬ ከሥራ ሲመለስ በባልድዊን ሂልስ ኮረብታ በኩል ዞሮ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅሞ መጣ። አፍልቶ ድስቱን ከፊቴ አስቀመጠና በፎጣ ሸፈነኝ። "በደንብ ሳቢው፤ የኛ ቅጠል ነው" አለኝ። እንፋሎቱ አፍንጫዬን ሲከፍተው ሳቄ መጣ። የዘጠነኛ ክፍሉ ኦይስተር ትዝ አለኝ።

ያኔ በዲቪ አሜሪካ ከመጣን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖን ነበር። እኔ ገና እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች በተለየው ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያ ለመውጣት የማልሰጠው ነገር አልነበረም። የሳይንስ አስተማሪዬ "ክፍሉ ፊት ቆመሽ አምስት ደቂቃ ካስረዳሽ ወደ ዋናው ክፍል እንድትዛወሪ እጽፍልሻለሁ" አለችኝ። ርእሱን የመረጠችው ግን እሷ ናት። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አንድ ቦታ ኦይስተር የሚባሉ ዛጎል ለባሽ እንስሳት ይኖሩ ነበር፤ ውኃውን የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። በበሽታም፣ ሰው እያፈሰ ስለበላቸውም አለቁና ውኃው ደፈረሰ። በሽታውን የሚቋቋም ኦይስተር ከሌላ አገር ይምጣ ወይስ አይምጣ?

እናቴ የምትሠራው ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለ የቅመም ሱቅ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ፣ በበርበሬና በሽሮ ከረጢቶች መሀል እያስነጠሰኝ ስጽፍ አባዬና ጓደኛው ጋሼ ሙላት መጡ። ጋሼ ሙላት ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ያደጉት ጣና ዳር፣ ደንቢያ ነው።

የምጽፈውን ስነግራቸው ጋሼ ሙላት "ይበላል ይሄ ነገር?" አሉኝ።

"ይበላል። እንዲያውም በሕይወቱ።"

"ወይ ጉድ" አለ አባዬ። "እኛ የማንበላውን ምን አከራከረን?" አለ እንጂ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እንዳታስገቢ" አሉ ጋሼ ሙላት። "እምቦጭም ከውጭ ሲመጣ አበባው ያምር ነበር። ይኸው ወንድሞቼ ጣና ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ይከርማሉ፤ መልሶ ይበቅላል።"

"ሙላት፣ አንተም እኮ ከውጭ የገባህ ነህ" አለ አባዬ።

"እኔ ፎርም ሞልቼ፣ ደሜን ሰጥቼ፣ ኢንተርቪው አድርጌ ነው የገባሁት። እምቦጭ ኢንተርቪው አደረገ?"

እናቴ ሚዛኑን ትታ ሳቀች። አባዬ ግን ቆጣ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "ኦኬ፣ ጻፊ። የራስን ነገር የሚተካ የለም። ባሕር ዛፍን ተመልከቺ፤ ከጥንት የኛ ነው። ቤት ሠራንበት፣ አነደድነው፣ ታጠንበት። አሜሪካኖቹ እንኳ ወስደው ኮረብታው ላይ ተከሉት።" ቃል በቃል ጻፍኩት። ከጽሑፌ ሁሉ የኮራሁበት እሱ ነበር።

ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። እምቦጩን ስናገር አስተማሪዬ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። የኢትዮጵያ ዛፍ ነው ብዬ ስለ ባሕር ዛፍ ስጀምር ግን እጇን አነሳች። "ይቅርታ፣ እሱ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። እናንተም ጋ የተወሰደ ነው" አለች በቀስታ።

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ወረቀቴን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ጆሮዬ ጋለ። ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ ያ የተለየው ክፍል እየጠበቀኝ ነው፤ ሶ ያለ ወረቀት መናገር ጀመርኩ። "ተሳስቻለሁ። ከውጭ የመጣው አንዱ ሐይቃችንን አነቀ፤ ከውጭ የመጣው ሌላው ቤታችን ሆነ። ኦይስተሩ የትኛው እንደሚሆን በምን እናውቃለን? መጀመሪያ በገንዳ ቢሞከርስ? እንዳይራባ ማድረግ ይቻላል? ካጠፋ መልሰን ልንለቅመው እንችላለን?" አንዱን ስጠይቅ ሌላው እየመጣብኝ ደወሉ ተደወለ።

ከመውጣታችን በፊት ድምፅ መስጠት ነበረ፤ ይምጣ የሚል በመስኮቱ በኩል፣ አይምጣ የሚል በበሩ በኩል ይቁም ተባለ። ቦርሳዬን አቅፌ መሀል ላይ ቀረሁ።

"ምረጪ" አለችኝ አስተማሪዬ።

"ግራ ገብቶኛል" አልኳት። ይህን በእንግሊዝኛ ሳላፍር ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

አቋም ስላልያዝኩ ነጥብ ቀነሰችብኝ። በማግስቱ ግን የዝውውር ደብዳቤዬን ፈርማ ሰጠችኝ፤ "ከወረቀት ሳታነብ ብዙ ተናግራለች" ይላል። ማታ ለአባዬ የአውስትራሊያውን ነገር ስነግረው "ከኛ ወስደው ይሆናላ" ብሎ ዘጋው።

ስለ ኦይስተሩ ዛሬም አላውቅም። አንድ ቀን ይምጣ እላለሁ፣ በማግስቱ የጋሼ ሙላት ወንድሞች ጣና ውስጥ ቆመው ይታዩኛል። ከፎጣው ሥር ሆኜ "አባዬ፣ ይሄ ዛፍ ግን የማን ነው?" አልኩት።

"ሳይበርድ ሳቢው ብዬሻለሁ" አለ።

ሳብኩት። አፍንጫዬ ተከፈተ።