ጓደኛዬን ያናገረው ዳገት

ሰዓት መጠገንን፣ ራዲዮ መፍታትንና እንግሊዝኛ ማንበብን ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። ጭሮ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ካለም እኔው እነግረዋለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ይህ ሁሉ እውቀቴ አንድ ዳገት ፊት አነሰብኝ።

የልጅነት ጓደኛዬ ጫት ነጋዴ ነበር። ጫት ቶሎ ይጠወልጋልና ዕድሜውን የኖረው ሲሮጥ ነው፤ እስሩን ተሸክሞ ከገበያ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ገበያ። ልጆቹ ሲደርሱ ሥራውን ተረከቡትና «አሁንማ ይረፉ» ብለው ፍራሽ ላይ አስቀመጡት። እኛ አገር ሽማግሌ የሚከበረው እንዲህ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ ወሬውም ጠፋ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ጀመር። ያየው ሐኪም መድኃኒት አዘዘለትና «በእግሩም ይንቀሳቀስ» አለ። ልጆቹ ክኒኑን ሰጡት፤ እግሩን ማንቀሳቀስ ግን ነውር መሰላቸው።

አንድ ቀን ልጠይቀው ስሄድ ትልቋ ልጁ በር ላይ እያለቀሰች ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ አባዬ ‹ምነው አላህ በወሰደኝ› አሉ።»

ገባሁና «ተነስ፣ ዳገቱን እንውጣ» አልኩት። «እኔ በየቀኑ ነው የምወጣው።»

«አባዬን በዚህ ዕድሜ? ሰው ምን ይለናል?» አለች ልጁ።

«የሚለው ያለው ሰው እኔን ይጠይቅ!» ብዬ እጁን ይዤ አስነሳሁት።

የመጀመሪያው ቀን ከባጃጅ ማቆሚያው አላለፍንም። በሳምንቱ የከተማው የመጨረሻ ቤቶች ጋ ደረስን። ስለ ደም፣ ስለ ልብ፣ ስለ አእምሮ ያነበብኩትን ሁሉ መንገድ ለመንገድ ዘረገፍኩለት። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዳገቱ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ አልቆመም። ከግንባሩ ላብ እየተንጠባጠበ፣ ጫት የጫነ መኪና እንዳያመልጠው እንደሚሮጥበት ዘመን አልፎኝ ወጣ። ከላይ ዞር ብሎ አየኝ።

«አቦ፣ አንተ ጉረኛ! በየቀኑ የምትወጣው በአፍህ ነው እንዴ?»

ከዚያም ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ሱብሃነላህ» አልኩ። የእኔ ንግግር ያላስከፈተውን አፍ ላብ ከፈተው። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ በዓይኔ ሳየው ግን እንደ ሕፃን ደነገጥኩ።

በማግስቱ ልጁ «አባዬ ሌሊቱን ሙሉ ተኙ» አለችኝ። አሁን በጠዋት መጥቶ በሬን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ዳገቱ ላይ ከኋላው እሄዳለሁ። ደክሞኝ እንዳይመስላችሁ፤ ጀርባውን እያየሁ መገረም ስለማልጠግብ ነው።