መርዶ ነጋሪው ቪዲዮ ቤት የመጡ ዕለት

በመካኒሳ አቦ መርዶ የሚያረዱት አቶ ወጋየሁ ናቸው። የእድራችን ዳኛ ስለሆኑ ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሰው አስከትለው ይሄዳሉ። ስንቱን ቤት እንዳረዱ እሳቸውም የሚያስታውሱት አይመስለኝም። ፊታቸው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። እኔ ሲራክ፣ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጩ፣ «ሳቅ በአዋጅ የተከለከለባቸው ሰውዬ» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር።

በዘጠና አንድ ዓመተ ምህረት፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጡ። ከመሐረባቸው ውስጥ የታጠበ ቁራጭ የፎቶ ፊልም፣ ኔጌቲቭ፣ አወጡ።

«ከግንባር የተመለሰ ቁስለኛ ነው የሰጠኝ» አሉ። «ከሞተ ወታደር ኪስ አግኝቶት ነው። ፊልሙ ላይ ያለው ራሱ ሟቹ ነው ይላል፤ የመካኒሳ ልጅ መሆኑን እንጂ ስሙን አያውቅም። ታዲያ ማንን ላርዳ?»

«ፎቶ ቤት ለምን አላሳተሙትም?»

«ወሬው ከፎቶው ቀድሞ ይወጣል።»

የእሳቸውና የባለቤታቸው የወይዘሮ አረጋሽ አንድ ልጅ፣ ሚሳኤልም ዘምቷል።

ካሜራዬ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር የምታደርግ ቁልፍ አላት፤ ለሰርግ ምንም አትጠቅምም። መስኮቱ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩ። ፊልሙን በፕላስተር የለጠፉት አቶ ወጋየሁ ራሳቸው ናቸው። ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ፊልሙ ላይ ሳስጠጋው ሰማያዊ ቢጤ ፊት ወጣ።

ሚሳኤል ነበር።

አቶ ወጋየሁ ተጠግተው ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩ።

«የእኔ ልጅ ጠባሳ በግራ ቅንድቡ ላይ ነው። የዚህ በቀኙ ነው። ይመስለዋል እንጂ እሱ አይደለም።»

እፎይ እንኳን አላሉም። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «የማን ልጅ ይሆን እንግዲህ?» አሉ። የዘመቱትን ጎረምሶች አንድ በአንድ ማሰብ ጀመሩ፤ የተለመደ ሥራቸው ነው።

መስኮቱን አየሁ። ፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉት ቁጥሮች ወደ ኋላ ይነበባሉ። በጀርባው ነበር የለጠፉት። ተናደድኩ። በዚህ ሁሉ ከተማ ቪዲዮ ቤት ጠፍቶ ነው እኔ ጋ የመጡት? ዝም ልል ፈለግኩ። ግን ዝም ካልኩ እኚህ ሰው ልጁ በሕይወት ያለ ቤት ገብተው መርዶ ያረዳሉ።

«ጋሼ፣ ፊልሙ ተገልብጦ ነው የተለጠፈው» አልኩ። ፕላስተሩን ልጬ አዞርኩት።

ጠባሳው በግራ ቅንድቡ ላይ ሆነ።

አላለቀሱም። «አጥፋው» አሉ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ትከሻቸውን ልይዝ እጄን ዘርግቼ መለስኩት፤ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ሰው ሲያዝን ምን እንደሚባል በሰፈሩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ ተነሱ።

«ለአረጋሽ ዛሬ አልነግራትም። መርዶ በወጉ ነው» አሉ። «ዛሬን እራቷን ትብላ። ለእድሩ ሰዎች ንገርልኝ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እኔ ቤት ኑ። ስታንኳኩ እኔ እከፍትላችኋለሁ።»