ሹክሹክታ የምትባለው መኪና

መርዳሳ በየማለዳው ከናዝሬት ወንጂ የሚወርደው እንደ ሌላው ሰው እየተንገጫገጨ አልነበረም፤ እየተንሳፈፈ ነበር። አጋነንክ ትሉኝ ይሆናል። ያቺን መኪና ያየ ሁሉ ግን የሚናገረው ይህንኑ ነው። ያየ አልኩ እንጂ የሰማስ የለም።

ዘመኑ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። መርዳሳ የስኳር ፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነበር። ቤንዚን በኩፖን ሆኖ፣ ለግል መኪና የምትሰጠው እንኳን ወሩን ሳምንቱን የማታዘልቅ ነበረች። ሌላው ሰው መኪናውን ሸራ አልብሶ በእግሩ ሲሄድ፣ እሱ ከፋብሪካው አሮጌ ዕቃ ጨረታ ላይ በባትሪ ይሠራ የነበረ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሞተር ገዛ። ስምንት ወር ጓሮ ውስጥ ተጎንብሶ ከርሞ፣ አርጅታ በነበረችው ፊያቱ ላይ ከቤንዚኑ ሞተር ሌላ ያንን ገጠመላት። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ የካሚዮን ባትሪዎች ተደረደሩበት። ሚስቱ ዘርፉ መኪናን ከመብራት ጋር የሚድር ባል እንደ ደረሳት ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ከረመች።

ጋብቻው ግን ያዘ። ወደ ወንጂ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ በባትሪው ይወርዳል፤ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ቤንዚኑን ያስነሳል። የሰፈሩ ሰው መኪናዋን ሹክሹክታ ብሎ ሰየማት።

መርዳሳ ያንን ቁልቁለት እንደወደደው ምንም ነገር ወዶ አያውቅም። ሞተር የለ፣ ጭስ የለ፤ ጎማው አሸዋውን ሲነካ ብቻ ቀስ ያለ ድምፅ ይሰማል። ፀሐይ ከሸንኮራው ማሳ ማዶ ብቅ ስትል ቅጠሉ እርስ በርሱ ሲተሻሽ፣ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ይሰማዋል። በመንገዱ ዳር የሚሄዱ አገዳ ቆራጮች የጀመሩትን ወሬ ሳያቋርጡ ያልፋቸዋል። በመስኮቱ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ ሲላቸው ደንግጠው ዞር ይላሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። አንዳንድ ቀን ገና አልጋው ላይ ያለ፣ መንገዱን ግን አንድ ሰው ከሥሩ ቀስ አድርጎ የሚስብለት ይመስለው ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ መውረድ ያስጠላዋል።

ይህን መንገድ ብቻውን አይሄድም ነበር። አጠገቡ እትዬ ፀሐይቱ ይቀመጣሉ። እሳቸው የአንድ ግቢ ጎረቤቱ ናቸው፤ ወንጂ ሆስፒታል ልብስ ያጥባሉ። አንድ ልጃቸው ሐዲስ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ደብዳቤ አልመጣም። የቀራቸው ነገር ቢኖር ሬዲዮ ነው፤ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ዘማቾች ለቤተሰቦቻቸው የላኩት ሰላምታ ይነበባል። ሰኞ ማለዳ መኪናዋ መንሳፈፍ ስትጀምር መርዳሳ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃቸዋል።

«ትናንት ስሙን ጠሩት?»

«አልሰማሁም» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሸንኮራውን እያዩ ይወርዳሉ።

አሁን ስለ እሑድ ልንገራችሁ። በግቢው ያሉት አራት ቤቶች መብራት የሚስቡት ከአንድ ቆጣሪ ነው። መርዳሳ ከአሮጌ የብየዳ ማሽን የሠራውን ባትሪ መሙያ መጀመሪያ ምሽት ላይ ሲሰካው የአራቱም ቤት አምፖል ደከመ፤ ልጆቹ ሲያጠኑ ዓይናቸውን አጨናበሱ። እሱ ደግሞ ሰው ማስቸገር የማይወድ፣ ይህንንም የሚያውቅለት ሰው ባያጣ የማይጠላ ሰው ነው። ስለዚህ አሰበ። እሑድ የግል መኪና መንዳት ክልክል ነው፤ በቀን አምፖል የሚያበራ የለም። እሑድ ከማለዳ እስከ ምሽት ይሰካዋል፣ ሳምንቱን ያወርደዋል፣ ማንንም አይነካም። በዓል ቢሆን እንኳ እሑድን አያልፍም። ለዘርፉ ሲያስረዳት ደረቱ ነፋ ብሎ ነበር።

ሐምሌ ገብቶ አንድ እሑድ ለቅሶ ውሎ ከተለመደው ሰዓት ቀደም ብሎ ተመለሰ። በእትዬ ፀሐይቱ በር ሲያልፍ የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ። እዝዝዝ የሚል፣ ወፍራም፣ የማያቋርጥ። ባትሪ መሙያው ከጓሮ ነው፤ ይህ ግን ከቤት ውስጥ ነው የሚወጣው። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ፀሐይቱ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፍተው ሬዲዮው ላይ ተደፍተዋል። ሬዲዮው ንብ የሰፈረበት ቀፎ ይመስል ይጮሃል። ከዚያ ጩኸት ሥር አንዳንዴ የሰው ድምፅ ብቅ ትልና ትሰጥማለች፤ እሳቸውም ብቅ ባለች ቁጥር ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

መርዳሳ ወደ ጓሮ ሮጦ የመሙያውን ሶኬት ነቀለ። ጩኸቱ ተቆረጠ። «…ለዛሬ የደረሱን ሰላምታዎች እነዚህ ነበሩ» አለ የሬዲዮው ሰው፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

በሩ ላይ ቆሞ ለምን እንዳልነገሩት ጠየቃቸው። እትዬ ፀሐይቱ እንደ ጥፋተኛ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በየቀኑ በነፃ ወስዶ እየመለሳቸው፣ ጉልበታቸውን እያሳረፈላቸው፣ እንዴት አድርገው መኪናህ ረበሸችኝ ይበሉት? ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ደግሞም አንዳንዱ ስም እኮ ይሰማል አሉት፣ ሊያጽናኑት። መርዳሳ ሰኞ ሰኞውን መልሶ አሰበ። ሰባት ወር ሙሉ በየሰኞው ስሙን ጠሩት ወይ እያለ ሲጠይቃቸው፣ እሳቸው አልጠሩትም ብለውት አያውቁም፤ አልሰማሁም ነው የሚሉት። የእሱ ጸጥታ በማን ጆሮ እንደተከፈለ አሁን ገባውና አፈረ፤ በጣም አፈረ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ መሰካት ቀረ። ሶኬቱን ወደ ረቡዕ ምሽት አዞረው፤ ጎረቤቶቹም አንድ ቀን በደከመ አምፖል ለማምሸት እሺ አሉ። ሁለት እሑድ አለፈ፣ የሐዲስ ስም ግን አልተጠራም። ረቡዕ ረቡዕም በሐምሌ ነጎድጓድ መብራት ስለሚጠፋ ባትሪዎቹ እየተራቡ ሄዱ።

በሦስተኛው እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት በከተማው ሁሉ ጠፋ። የእትዬ ፀሐይቱ ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይም ይሠራ ነበር፤ ድንጋይ ግን ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ሬዲዮውን ታቅፈው ግቢው መሐል ቆሙ።

መርዳሳ እሑድ መኪናዋን መንዳት ስለማይችል ጎረቤቶቹን ጠራ፤ ዘርፉም ጭምር ገፍተው በእትዬ ፀሐይቱ መስኮት ሥር አቆሟት። ከባትሪዎቹ በአንዱ ላይ ሁለት ሽቦ አሰረ። ሬዲዮውን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀመጠና ሽቦውን አገናኘ። ካፊያ ጀምሮ ስለነበር ዘርፉ ጃንጥላ ያዘችለት። ድምፁ መጣ፤ እንደዚያ ያለ የጠራ ድምፅ በዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። በከተማው ያለው የመብራት ኮሽታ ሁሉ ዝም ብሏልና።

ስሞች ተነበቡ፤ ለእገሊት ከእገሌ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ያዳምጣል። ከዚያ፦

«ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ፀሐይቱ፣ ናዝሬት። እኔ ከጓዶቼ ጋር በጣም ደህና ነኝ። በፋሲካ የላክሁልሽን ሰላምታ ሰምተሽ እንደተደሰትሽ ተስፋ አለኝ። ልጅሽ ሐዲስ።»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። እትዬ ፀሐይቱ በመኪናዋ ላይ ተደግፈው አለቀሱ። መርዳሳ ግን ሽቦውን እንደያዘ ቀረ። የፋሲካ ዕለት ሰው ሁሉ ሲፈስክ እሱ ጓሮ ገብቶ ባትሪ መሙያውን መሰካቱን ያስታውሳል። ዘርፉም አስታወሰች መሰል፣ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

በማግስቱ ባትሪዎቹ ባዶ ስለነበሩ እሱና እትዬ ፀሐይቱ በቤንዚን ወረዱ። ሹክሹክታ እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸች ነበር። አገዳ ቆራጮቹ ከሩቅ ሰምተው መንገድ ለቀቁ። መርዳሳ መሪውን አንቆ መንገዱን ብቻ ያያል፤ በምን አፉ ይጠይቅ?

«ዛሬ አትጠይቀኝም?» አሉት እትዬ ፀሐይቱ።

በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮክ ማለት ነበረበት። «ትናንት ስሙን ጠሩት?»

«ጠሩት።»

«የፋሲካውንስ እትዬ?» አላቸው። «የፋሲካውን ምን ላድርግልዎት?»

እትዬ ፀሐይቱ ትንሽ አሰቡ። «እሱን ሲመጣ በአፉ ይነግረኛል» አሉ። ከዚያ ወደ እሱ ጠጋ ብለው በጆሮው ጮኹ፦ «እስቲ የመጀመሪያውን ደግመህ ጠይቀኝ።»

ደግሞ ጠየቃቸው። ወንጂ እስኪደርሱ ስንት ጊዜ እንደጠየቃቸው አያስታውስም።